የይፋት ቆላ ልጅ መቼ ያጠና ነበር?

በይፋት ቆላ ማሽላ እሸት የሚይዘውና ትምህርት ቤት የሚከፈተው በአንድ ወር፣ በመስከረም ነው። ማሽላውን የሚበላው ወፍም የሚመጣው ያኔ ነው። የሮቢ ወንዝ ወደ አዋሽ በሚወርድበት ሜዳ ላይ እርሻ ያለው አባት ልጁን ሲያስመዘግብ ደብተሩንም ወንጭፉንም አብሮ ያስባል። እኔ እዚሁ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ተወልጄ፣ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ኖሬ፣ እዚሁ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በማስተማር ዘመኔ ከወላጅ ጋር ብዙ ያነጋገረኝ የደንብ ልብስ ወይም የመዋጮ ነገር አይደለም፤ የቤት ሥራ ነው። “ቀን ይማር፣ አልከለከልንም። ማታ ደግሞ ለምን ትጭኑበታላችሁ?” ይሉኛል። ሌላው መጥቶ ደግሞ “ልጄ ደብተሩ ባዶ ነው፣ ምነው የቤት ሥራ ተዋችሁ?” ይላል። ሁለቱም ልጃቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

ወጣቶች በቴሌግራም የሚቀባበሉት አንድ ወሬ አለ። የቤት ሥራን የፈጠረው ሮቤርቶ ኔቪሊስ የሚባል የቬኒስ አስተማሪ ነው፣ ያመጣውም ሰነፍ ተማሪዎቹን ለመቅጣት ነው ይላል። እንዲህ የሚባል አስተማሪ በታሪክ የለም፤ ወሬው ፈጠራ ነው። ልጆቹ ግን ይወዱታል፣ በልባቸው ያለውን ስለሚናገርላቸው። እኔ ከዚያ ወሬ ይልቅ አባቶቻችን በዚህ ቆላ መቼ፣ የትና ከማን ጋር ያጠኑ እንደነበር ቢያውቁ እመርጣለሁ።

ይፋት ከጥንት የተማሪ አገር ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የቀደመውን የሸዋ ሱልጣኔት ጠቅልሎ ከያዘ ወዲህ ይህ ተረተርና ቆላ የንግድም የዒልምም ማዕከል ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዓረብ ጸሐፊው አል-ዑመሪ የሐበሻን ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ ይፋትን ከነሱ ዋና አድርጎ ያነሣል። የኖራና የአስበሪ የድንጋይ ፍርስራሽ እስካሁን አለ። የዓረብ ጸሐፊዎች ይህን አካባቢ ጀበርት ይሉት ነበርና ከዚህ ለትምህርት የሄዱ ሰዎች በካይሮው አል-አዝሃር መስጊድ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ የራሳቸው ማደሪያና ማጥኛ ነበራቸው። የግብፅን ታሪክ የጻፈው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) ስሙን ያገኘው አባቶቹ ከመጡበት ከዚህ ወገን ነው። ከቤት ርቆ፣ ከአገር ልጅ ጋር በአንድ ማደሪያ ሆኖ ማጥናት ለይፋት ሰው የቆየ ልማድ ነበር ማለት ነው።

አያቴ የተማረው በሎህ ነው። ሎህ ከእንጨት የተጠረበ፣ ከላይ መያዣ ያለው ሰሌዳ ነው። ቀለሙ እቤት ይሠራል፤ ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ ከሙጫና ከውሃ ጋር ይበጠበጣል። ብዕሩ መቃ ነው። ሸሁ ወይም ከፍ ያለ ተማሪ ጥቂት መስመር ይጽፍለታል፤ ልጁ እስኪይዘው ድረስ እየጮኸ ይቀራዋል። ሲይዘው ለሸሁ በቃሉ ያሰማል፣ ያን ጊዜ ሎሁ ይታጠባል፣ አዲስ ይጻፍለታል። ያልያዘ አያጥብም። አንዱ በየቀኑ ያጥባል፣ ሌላው በሳምንት አንዴ ያጥባል፣ የሚቀሩት ግን አብረው ነው። አያቴ ሲያጫውተኝ ትዝ የሚለው የቁርአኑ ድምፅና እሳቱ ነበር። ትምህርቱ ከሱብሒ በፊትና ከመግሪብ በኋላ ነው፤ ቀኑ የከብቱና የእርሻው ነው። ማታ እያንዳንዱ ልጅ አንድ እንጨት ይዞ ይመጣል፣ ከዚያም በአንድ እሳት ዙሪያ ሁሉም ሎሁን ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ ይቀመጣል። እንጨት ሳይዝ የመጣም ከእሳቱ አይባረርም፤ በማግስቱ ሁለት ይዞ ይመጣል።

በቤተ ክርስቲያኑም ወገን፣ ከቆላው አንሥቶ እስከ ደብረ ሲናና ከዚያ በላይ እስካለው ደጋ ድረስ፣ ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ፊደልና ዳዊት በፀሐይ ይነበባል። ማታ መብራት ስለሌለ መጽሐፍ አይገለጥም፤ የቃል ትምህርት ነው። ውዳሴ ማርያሙን፣ መልክአ ኢየሱሱን የኔታ በጨለማው ያስቀጽላሉ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። ዓይን የሚፈልገውን ለቀን፣ ጆሮ ብቻ የሚበቃውን ለሌሊት ያደረገው ሰው ማን እንደሆነ ስሙ አልተጻፈም፤ እኔ ግን ትልቅ አስተማሪ እለዋለሁ።

ያ ትምህርት ሁሉም ነገሩ መልካም ነበር አልልም። አርጩሜው ብርቱ ነበር፣ ሴት ልጅ ከደጁ የምትደርሰው በስንት አንድ ነው፣ የቆሎ ተማሪው ረኃብና የውሻ ንክሻም አይረሳም። ነገር ግን ማታ የሚያጠና ልጅ ብቻውን አልነበረም። አባቱ ማንበብ አለመቻሉ አይጎዳውም፤ አጠገቡ የሚያርመው ታላቅ ተማሪ አለ። ቤቱም መብራት እንዲያቀርብለት የጠየቀ አልነበረም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመር ይህ ልማድ ወዲያው አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ አዳሪ ተማሪዎች ነበሯቸው፤ የማታው ጥናት እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በመብራትና በተቆጣጣሪ ነው። ለውጡ የመጣው ከጣሊያን መውጣት በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር እንደገና ሲቋቋምና ትምህርት ቤት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲስፋፋ፣ ለዚያ ሁሉ ልጅ ማደሪያ መሥራት አይቻልም ነበር። ጣሊያን የጣርማበርን ተራራ ሸንቁሮ ባወጣው የደሴ መንገድ ዳር እንደ ሸዋ ሮቢት ያሉ ከተሞች አደጉ፣ ትምህርት ቤትም አገኙ፤ ልጁ ቀን ተምሮ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጥናቱም አብሮት ተመለሰ። ቤቱ ግን ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር።

እኔ የደረስኩት በዚህ ጊዜ ነው። የንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ከከበደ ሚካኤል ‘ታሪክና ምሳሌ’ ግጥም በቃል ይዛችሁ ኑ፣ የማባዛት ሰንጠረዥ ጻፉ፣ የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጉሙ አጥኑ እንባል ነበር። በቃል የሚያዘውን ውሃ ስቀዳ፣ ቡና ስወቅጥ እይዘዋለሁ። አስቸጋሪው የሚጻፈው ነው። ቤታችን የነበረው መብራት ኩራዝ ነው፤ የተበሳ የጠርሙስ ክዳን፣ በውስጡ የጨርቅ ክር፣ ከታች ላምባ። ደብተሩን ካላስጠጉት አይታይም፣ ካስጠጉት ጭሱ አፍንጫ ይሞላል። ጠዋት በሰልፍ ላይ አፍንጫው የጠቆረ ልጅ ማታ ያጠና ልጅ ነው፣ በዚያ እንተዋወቅ ነበር። ላምባው የሚገዛው በሲኒ እየተለካ ስለነበር እናቴ “በይ አጥፊው” ስትለኝ አልጨቃጨቃትም። ወንድሞቼ ራት በልተው ወዲያው ኩራዙን ይይዛሉ። እኔ ዕቃ አጥቤ፣ ሊጥ አቡክቼ፣ እግር አጣጥቤ ስጨርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። አስተማሪው “አንድ ሰዓት የማይፈጅ የቤት ሥራ ነው” ሲል እውነቱን ነው፤ ያቺን አንድ ሰዓት ከየት እንደማመጣ ግን የጠየቀኝ የለም። አስተማሪ ስሆን መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው።

ከስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ አልፎ ወደ ላይ ለመማር ብዙው የቆላ ልጅ ወደ ደብረ ሲና፣ አለዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ኃይለ ማርያም ማሞ ይወጣ ነበር። ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ስንቅ ተሸክመው፣ ለብዙ ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ብርዱ ለቆላ ልጅ ጠላት ነው፤ ሆኖም ከነዚያ ክፍሎች ጎበዝ ጎበዝ ሰዎች ወጥተዋል። የላምባውን ዋጋ ለአራት ለአምስት ይካፈሉታል፣ ሒሳብ የሚችለው ሒሳብ ያስረዳል፣ እንግሊዝኛ የሚችለው እንግሊዝኛ። የአያቴን እሳት ያገኘሁት እዚያ ነው፤ እንጨቱ በላምባ ተለወጠ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

የቤት ሥራ ለቤተሰብ ሲጠቅም በዓይኔ ያየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር መምህራን፣ ተማሪዎችና ሌሎችም በየቀበሌው ፊደል እንድናስቆጥር ተመደብን። ዘመቻው በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማትም አግኝቷል። በግድ የተነዳ ሰው እንደነበረ እናውቃለን፤ ካልመጣህ ስኳርና ጨው ከቀበሌ አታገኝም የተባለም አለ። እቤት ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ማታ አባትና ልጅ በአንድ ኩራዝ ይቀመጣሉ፤ ልጁ የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ አባት ከ“ሀ” እስከ “ፐ” ይቆጥራል፣ ሲስት ልጁ ያርመዋል። ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርም የነበረ ገበሬ ለግብር ስሙን ሲጽፍ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የ“መ”ን ሁለት ዐይን እኩል ለማድረግ ሲታገል አይቻለሁ። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ነበር፣ ትንፋሹን ይዞ። በዚያ ጊዜ ላምባው አለቀ ብሎ የሚቆጣ አባት ቀነሰ፤ መብራቱ የራሱም ሆነዋ።

ከዚያ ወዲያ ተማሪው በዛ፣ ክፍሉ አልበዛም። ፈረቃ መጣ፤ ግማሹ ልጅ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት። የተማሪው የትምህርት ቀን በግማሽ ሲታጠፍ መጽሐፉ ግን አልታጠፈም፤ በክፍል ያልተዳረሰው “እቤታችሁ ጨርሱት” ሆነ። የቤት ሥራ በኛ አገር ከባድ የሆነው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል። የተማሩትን የሚያጸኑበት መሆኑ ቀርቶ ያልተማሩትን የሚሞሉበት ሆነ። ያልተማረውን እቤቱ የሚያስረዳው ማን ነው? የተማረ አባት ያለው። የሌለው ጠዋት በር ላይ ቆሞ ከጎበዙ ይገለብጣል። ሰማንያ ደብተር የሚታረምበት ጊዜ የለምና አስተማሪው እየዞረ ምልክት ያደርጋል፤ የተገለበጠውም፣ የተሠራውም አንድ ምልክት ያገኛል። ሳይሠራ የመጣውን ደግሞ በቆላ ፀሐይ የሚያንበረክኩ አስተማሪዎች ነበሩ። እንዲህ የተቀጣ ልጅ በማግስቱ ሠርቶ አይመጣም፤ ጭራሽ ይቀራል። በመስከረም ከተመዘገቡት ውስጥ በጥር ቦታቸው ባዶ የሆነውን ቤታቸው ሄጄ ስጠይቅ ከአንድ በላይ እናት የነገረችኝ ይህንኑ ነው።

ወደ ወፉ ልመለስ፤ የቆላው የትምህርት ችግር ከወፍ ጥበቃ ውጭ አይገባም። ማሽላው እሸት ከያዘ ጀምሮ እስኪደርቅ ድረስ በየእርሻው መካከል ማማ ይሠራል፤ በአራት እንጨት ላይ የተረበረበ፣ ከላይ ቅጠል የለበሰ። ልጁ እዚያ ላይ ሆኖ ጅራፍ ያጮኻል፣ በወንጭፍ ጭቃ ይወረውራል። ግሪሳ በመንጋ ከመጣ የአንድ ቤተሰብን ቀለብ በጥቂት ቀን ይጨርሳል። ወፍ የሚበላበት ሰዓት ግን አለው፤ ማለዳ ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያም ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ጀንበር መጥለቂያ። በቀትር ሙቀቱ ሲበረታ ወፉም ጥላ ይፈልጋል፣ ሜዳው ዝም ይላል። የጠዋት ፈረቃ ልጅ የማለዳውን ወፍ ለታናሹ ትቶ ይመጣል፤ የከሰዓቱ ፈረቃ የማታውን። አንድ አባት “እትዬ፣ ወፉ ማሽላውን ከጨረሰው ልጄ ምን በልቶ ይማራል?” ሲለኝ የምመልስለት አልነበረኝም፤ እውነት ነው።

እሱም ራሱ፣ ያ አባት፣ የቀትሩን ነገር ነገረኝ። “ቀን በስድስት ሰዓት ሥራ የለውም፤ ማማው ላይ ተኝቶ ነው የሚውል” አለኝ። ከዚያ ወዲህ በመስከረምና በጥቅምት የምሰጠውን ለማማ የሚሆን አደረግኩት። ብዙ መስመር መገልበጥ የለም፤ አንዲት አጭር ምንባብ፣ ሦስት የሒሳብ ጥያቄ፣ ከእርሻው የሚቆጠር ነገር። “በአንድ ትልም ስንት አገዳ አለ? አምስት ትልም ቢሆንስ?” የሚል። ደብተራቸው ጭቃ ነክቶት፣ ጥጉ በላብ ለስልሶ ይመጣል፤ መልሱ ግን የራሳቸው ነው፣ የአንዱ እርሻ ከሌላው ስለሚለይ መገልበጥ አይቻልም። በዚያው ወራት ወባም ይነሣል፤ ታሞ የሰነበተውን ልጅ ጎረቤቱ ጓደኛው እንዲያስነብበው አደርጋለሁ።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲመጣ ተከታታይ ምዘና ተባለና የቤት ሥራ ነጥብ ተያዘለት። ነጥብ ሲያዝለት የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ የወላጁን ነጥብ ይዞ መጣ። ኋላም የአንድ ለአምስት አደረጃጀት መጣ፤ አንድ ጎበዝ አምስቱን እየመራ ያጠናል። ሐሳቡን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የሎሁ ዘመን አሠራር ነውና። ብዙ ቦታ ግን የቃለ ጉባኤ መጻፊያ ሆነ፤ ልጆቹ ከማጥናት ይልቅ አጥንተናል ብለው ሲፈርሙ ዋሉ። መልካም ነገር በወረቀት ሲሞት ማየት ያሳዝናል።

በሌላውም ዓለም ክርክሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1901 ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ የቤት ጥናት እንዳይታዘዝ በሕግ ከልክላ፣ በ1917 ሻረችው። ፈረንሳይ በ1956 ለአንደኛ ደረጃ የጽሑፍ የቤት ሥራን አገደች። ፖላንድ በ2024 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል አስቀርታ ከዚያ በላይ እስከ ስምንተኛ ያለውን ግዴታ አይደለም አለች። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሃሪስ ኩፐር በ2006 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ የቤት ሥራ ከውጤት ጋር ያለው ግንኙነት በሁለተኛ ደረጃ ጎላ ያለ፣ በታናናሾቹ ዘንድ ግን እጅግ ደካማ ሆኖ አገኘው። ፒሳ በሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና የ2012 እ.ኤ.አ. ጥናት የሻንጋይ የ15 ዓመት ልጆች በሳምንት ወደ 14 ሰዓት የሚጠጋ የቤት ሥራ ሲሠሩ የፊንላንዶቹ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ። ከዚያ ጥናት እኔን የነካኝ ግን ሌላው ነው፤ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ከሌላቸው ልጆች ይበልጥ ሰዓት ለቤት ሥራ ያገኛሉ። በአገራችንም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆችን እየተከታተለ ያጠናው ያንግ ላይቭስ፣ የገጠር ልጅ ከከተማው ልጅ ይልቅ ለሥራ ብዙ፣ ለጥናት ጥቂት ሰዓት እንዳለው አሳይቷል። ይህን ለማወቅ የሸዋ ሮቢት እናት ጥናት አያስፈልጋትም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሙሉ የቤት ሥራ ሆነ። ስማርት ስልክ ያለው በቴሌግራም ወረቀት ይላክለታል፤ ሮቢ ማዶ ያለው ልጅ ፍየል ሲጠብቅ ከረመ። ሳያገግሙ በአካባቢያችን የ2013ቱ ግጭት መጣ፣ በኅዳር 2014 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከዚያም ወዲያ የአማራ ክልል ልጆች በሰላም የተማሩበት ዓመት ጥቂት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 በመቶ ነበሩ። ያን ጊዜ በየቦታው የተሰማው “የቤት ሥራ ይብዛ” ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ቀጠረ፤ በአዲስ አበባ አስጠኚነት ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ሆኗል፣ ወደኛም ከተማ ደርሷል። ገና አፉን ያልፈታ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ቦርሳ ሙሉ ደብተር ይዞ ሲመጣና እናቱ እስከ ሌሊት ስትጽፍለት አያለሁ። ይህ ለልጁም ለእናቱም አይጠቅምም፤ ልጁ የሚማረው ሥራውን ሌላ ሰው እንደሚሠራለት ነው።

የቤት ሥራ ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም። ለአራተኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ጥቂት፣ ልጁ ራሱ ሊጨርሰው የሚችል፣ አስተማሪ የሚያርመው ይሁን፤ ከዚያ በታች ላለው እቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበቡ ይበቃል፣ አያቱም ትስማው። ዋናው ጥያቄዬ የቦታው ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቆለፋሉ። ዘበኛው እዚያው ነው፣ ወንበሩ እዚያው ነው፣ መብራት ባለበት መብራቱም እዚያው ነው። ከፈተና በኋላ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ፣ ሒሳብ የሚችል ወጣትም በየሰፈሩ አለ። አንድ ክፍል እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢከፈት፣ ሴት ልጆችን ወላጅ ተራ ገብቶ ወደ ቤት ቢያደርሳቸው፣ ለወጣቱ ወላጆች ጥቂት ቢያዋጡለት ከአስጠኚ ዋጋ ያንሳል። በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ለቆላው ቀበሌዎች የማታው ጥናት ወደ ቀትር ይዙር፤ ወፉ ባረፈበት ሰዓት። ይህን ለወላጅ ኮሚቴው በቃል ተናግሬያለሁ፣ በጽሑፍም ሰጥቻለሁ፤ ቁልፉን የመስጠት ሥልጣኑ የርእሰ መምህሩ ነው።